ሞዴሏን ሳይሆን ሞተሯን ጠይቁ

ጎንደር ላይ ኮሮላ የሚገዛ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሞዴል ናት?» ብሎ ነው። ለደገኛ ግን ይህ ሁለተኛ ጥያቄ መሆን ነበረበት።

ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደባርቅ፣ 1.6ቱ ሞተር የ1.2 ያህል ይጎትታል፤ 1.3ቱ የ1.0 እንኳ አይሞላም።

ሞዴል ዋጋ የለውም አልልም። የድሮዋ ዲኤክስ ካርቡራተር ስለሆነች ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛባታል፣ ታጨሳለች። ኢንጀክሽን ያላቸው የኋለኞቹ ነዳጁን ይመጥናሉ፤ የጎደለውን አየር ግን አይተኩም።

በ2012ቱ የኤክሳይስ ሕግ አዲስ መኪና እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ ተጣለበት። ሕጉ ሲሲ እንጂ ዳገት አያይም። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ምርጫችን አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

እኔ ብሆን ከአዲስ 1.3 ይልቅ በደንብ የተያዘች የቆየች 1.6 ኢንጀክሽን እገዛለሁ። ቤተሰብ ጭኖ ከዛሪማ ሊማሊሞን ሲወጣ የጭነት መኪና ለመቅደም የሞከረ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት አራት ሰው ጭናችሁ ዳገት ላይ ሞክሯት።