ሁለት ልጅ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ስንት ሒሳብ?

ባለፈው ፋሲካ ለሁለቱ የእህቴ ልጆች ስጦታ እንዲሆን አንድ የቪዲዮ ጌም ገዛሁ፡፡ ፕሌይስቴሽኑን ከዚያ በፊት አክስታቸው ከውጭ ልካላቸዋለች፡፡ ሻጩ "ይሄ የአራት ሰው ጌም ነው፤ ተባብረው የሚጫወቱት እንጂ የሚጣሉበት አይደለም" አለኝ፡፡ ሽፋኑም ይህንኑ ይላል፡፡ እቤት ገብተን ስንከፍተው ግን ጨዋታው በአንድ ቴሌቪዥን የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሁለተኛው ተጫዋች እንዲገባ የራሱ ማሽን፣ የራሱ ጌም፣ የራሱ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፡፡ ትልቁ ልጅ ጆይስቲኩን ይዞ ተቀመጠ፡፡ ትንሹ "ጋሼ፣ ሌላው ማሽን የታለ?" አለኝ፡፡

ጥያቄው የልጅ ቢመስልም የገበያ ጥያቄ ነው፡፡ "አብረው የሚጫወቱት" ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ለመሆኑ ስንት ጊዜ ይከፈልበታል?

እስቲ በአሜሪካ ገበያ ዋጋ እናስላው፡፡ ከ2020 ወዲህ /ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው/ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ለአዲስ ጌም በአብዛኛው 70 ዶላር ይጠይቃሉ፡፡ በፕሌይስቴሽን ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት የሚከፈለው ዝቅተኛ ዓመታዊ ክፍያ ደግሞ በ2023 ወደ 80 ዶላር ከፍ ብሏል፡፡ ሁለት ወንድማማቾች በየራሳቸው ማሽን ቢጫወቱ ለሁለት ጌም 140፣ ለሁለት ምዝገባ 160፣ በድምሩ 300 ዶላር ይወጣል፡፡ ሁለተኛው ማሽን ገና አልተገዛም፡፡ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ጎን ለጎን ቢቀመጡስ? አንድ ጌምና አንድ ተጨማሪ ጆይስቲክ ይበቃል፡፡ ጆይስቲኩ የአንድ ጌም ያህል ዋጋ ቢያወጣ እንኳ ወጪው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ጆይስቲኩም ለሚቀጥለው ጌም ያገለግላል፡፡

የኢንተርኔቱ መንገድ ሌላም ጣጣ አለው፡፡ አራት ሰዎች አንድ ቡድን ሆነው የሚዘምቱበት ሔልዳይቨርስ 2 የተባለው ጌም በ2024 መጀመሪያ ወጥቶ በ12 ሳምንት ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ፡፡ በዚያው ዓመት በሜይ ወር አሳታሚው ሶኒ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ገዢዎችም የፕሌይስቴሽን ኔትዎርክ አካውንት ማውጣት አለባቸው አለ፡፡ አገልግሎቱ በይፋ ባልተከፈተባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ሽያጩ ተቋረጠ፡፡ አገራችንም በወቅቱ አገልግሎቱ ካልተከፈተባቸው ወገን ነበረች፡፡ ተጫዋቾች አምርረው በመቃወማቸው ግዴታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሣ፡፡ ይሁንና ገንዘብ የከፈሉበትን ዕቃ በሩቅ ሆኖ መቆለፍ የሚችል ሰው እንዳለ ገዢው ተረድቷል፡፡ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ልጆች ግን ማንም አገልጋይ ኮምፒዩተር ሊለያያቸው አይችልም፡፡

ታዲያ ኩባንያዎቹ ሶፋውን ለምን ሸሹት? አንዱ ምክንያት የቴክኒክ ነው፡፡ ማያውን ለሁለት ከፍሎ ማሳየት ማሽኑን ሁለት ሥዕል በአንድ ጊዜ ያሠራዋል፤ ጥራቱም ይቀንሳል፡፡ ሁለተኛው ምክንያት ለነጋዴ ግልጽ ነው፤ አጠገብ የተቀመጠ ጓደኛ ያልተሸጠ ጌም ነው፡፡ ሔሎን እንውሰድ፡፡ በ2001 ሲጀመር ሁለት ጓደኛሞች ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቴሌቪዥን ይጫወቱት ነበር፡፡ በ2015 የወጣው ሔሎ 5 ይህንን ጨርሶ አስቀረው፡፡ ደንበኛው ስለተቆጣ የድርጅቱ ኃላፊ በ2017 ወደፊት እንደሚመለስ ቃል ገቡ፡፡ በ2021 ሔሎ ኢንፊኒት ወጣ፤ በ2022 ደግሞ ታሪኩን በተከፈለ ማያ የመጫወቱ ዕቅድ መሰረዙ ተነገረ፡፡

ይህ የገበያ ግዴታ ነው የሚሉ አሉ፡፡ እኔ አይመስለኝም፡፡ ከሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት በልጅነቱ ወደ ስዊድን የተሰደደው የፊልም ዳይሬክተር ጆሴፍ ፋሬስ የሚመራው ሔዝላይት የተባለ ድርጅት በ2021 ኢት ቴክስ ቱ የሚል ጌም አወጣ፡፡ ጌሙን ብቻውን የሚጫወት ሰው የለም፤ የግድ ሁለት ሰው ይፈልጋል፡፡ የተሸጠው በ40 ዶላር ነው፡፡ ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ቤት ካሉ ማያውን ይካፈላሉ፤ በተለያየ ከተማ ካሉ ደግሞ አንዱ ከገዛ ሌላው በነፃ ይገባል፡፡ በሒሳብ ዓይን ኩባንያው ግማሽ ገበያውን በገዛ እጁ የጣለ ይመስላል፡፡ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፡፡ ጌሙ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ፤ እስከ 2024 ድረስም 20 ሚሊዮን ተሸጠ፡፡ በ2025 በዚሁ ዘዴ የወጣው ስፕሊት ፊክሽን በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተሸጧል፡፡

ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም፡፡ በነፃ የገባው ሁለተኛ ሰው ጨዋታውን ከወደደው ለእህቱ፣ ለሚስቱ ወይም ለሌላ ጓደኛው ያወራል፡፡ ኩባንያው ለማስታወቂያ ሊከፍል የነበረውን ገንዘብ በነፃ ወንበር ለወጠው ማለት ነው፡፡ እርግጥ ጌሙ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ነፃ ወንበር ብቻውን ባልሸጠው ነበር፡፡ ነገር ግን "ለሁለት ሰው አንድ ዋጋ ያከስራል" የሚለው ክርክር ከእንግዲህ ማስረጃ ይጠየቅበታል፡፡

አሁን ወደ ራሳችን ገበያ እንመለስ፡፡ ማሽኑን እቤቱ ማስገባት የማይችለው የአዲስ አበባ ልጅ የሚጫወተው በሰፈሩ ጌም ቤት ነው፡፡ እዚያም የነገሠው፣ ስሙ በ2023 ቢለወጥም ሁሉም ዛሬም ፊፋ የሚለው የእግር ኳስ ጌም ነው፡፡ የአንዱን ጌም ቤት ባለቤት ለምን የትብብር ጌም እንደማያስገባ ጠየቅሁት፡፡ "ወንድሜ፣ እዚህ ቤት የሚከፍለው የተሸነፈው ነው፡፡ ሁለቱም አብረው ካሸነፉ ማንን ልጠይቅ?" አለኝ፡፡

መልሱ ብልህ ነው፤ ችግሩም እውነተኛ ነው፡፡ ሆኖም መፍትሔው አዲስ አይደለም፡፡ አታሪ በ1985 ያወጣው ጋውንትሌት በአንድ ማሽን አራት ሰዎችን በአንድ ጊዜ አሰልፎ ያጫውት ነበር፡፡ የእያንዳንዱ ተጫዋች ጉልበት ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይቀንሳል፤ ሣንቲም የጨመረ ጉልበት ይጨመርለታል፡፡ ተሸናፊ ሳይኖር አራቱም ይከፍላሉ፡፡ በእኛ ጌም ቤት ይኸው ሐሳብ በሰዓት ማስከፈል ይሆናል፤ ሒሳቡን ተጫዋቾቹ ይካፈሉታል፡፡ ረፋድ ላይ ደንበኛ ሳይኖር ማሽኑ ቢዘጋም የቤት ኪራዩ ይቆጥራል፡፡ በዚያ ሰዓት ወንድምና እህት ገብተው ኦቨርኩክድን፣ ማለትም አንዱ ሲከትፍ ሌላው የሚጠብስበትንና ሳህን የሚታጠብበትን የወጥ ቤት ጌም ቢጫወቱ ባለቤቱ ያተርፋል እንጂ አይከስርም፡፡ ፊፋ የማይማርካቸው ሴት ልጆችና ወላጆችም አዲስ ደንበኛ ይሆናሉ፡፡

ገዢውስ? ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፡፡ በአንድ ማሽንና በአንድ ቴሌቪዥን ስንት ሰው ያጫውታል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ሁለተኛው ሰው ጌሙን መግዛት አለበት ወይስ የለበትም? "እስከ አራት ተጫዋች" የሚለው ጽሑፍ ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም፤ ሽፋኑን ገልብጦ በስንት ማሽን እንደሆነ ማንበብ ያሻል፡፡ ሻጩም ሳይጠየቅ ቢናገር ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፡፡

እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገዝቻለሁ፡፡ የእህቴ ልጆች ያንን ጌም ዛሬም በየተራ፣ በሰዓት እየተቆጣጠሩ ይጫወቱታል፡፡ በተራው መካከልም ጠብ አይጠፋም፡፡ ለሚቀጥለው በዓል ስገዛ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው የወንበሩን ቁጥር ነው፡፡