ቦሎው ሳያልፍበት



መኪና ያለው ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ሊፈጽመው የሚገባ፣ ነገር ግን ከሥራዎች ሁሉ ይልቅ ወደ ነገ የሚገፋ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም መኪናውን ለዓመታዊው ምርመራ ማቅረብ ነው። የቤት ኪራይ የዘገየበትን ሰው አከራዩ ያስታውሰዋል፤ የመብራት ሒሳብ የዘገየበትንም ጨለማው ያስታውሰዋል። የምርመራው ቀን ያለፈበት ሰው ግን መኪናው እንደ ትናንቱ ስለሚነሣለትና ስለሚሄድለት፣ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እስኪመለከትበት ድረስ የጎደለበት ነገር ያለ አይመስለውም። በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመነጋገር አስበናል።

ያ በመስተዋት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በአገራችን ቦሎ ይባላል። ቃሉ የኢጣልያ ነው፤ ትርጓሜውም ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፤ መካኒክ በኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ሲናገር ከሚሰማው ብዙው ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ቃላቱን ተውሰን እንደ ራሳችን አድርገን ለምደናቸዋል፤ ማኅተሙ የሚመሰክርለትን ነገር መልመድ ግን እጅግ አዳግቶናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ምርመራውን የሕግ ግዴታ አድርጎ ሲደነግግ፣ የፈለገው መኪናው ተፈትሾ ደኅና ሆኖ እንዲገኝ ነበር እንጂ በመስተዋቱ ላይ አዲስ ወረቀት እንዲለጠፍ ብቻ አልነበረም።

ባለቤቱ ያልሆነ ሌላ ሰው ይመርምረው የሚለው ሐሳብ የተወለደው ከመኪና በፊት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1865 በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ በአንድ የቢራ ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ፈነዳ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አደጋ በየፋብሪካው የተለመደ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የባደን አገር የቦይለር ባለቤቶች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዓላማውም ቦይለሮቻቸውን ከጥቅም ነጻ የሆነ መሐንዲስ በየጊዜው እንዲመለከትላቸው ነበር። ልብ አድርጉ፤ ይህን ያደረጉት ባለንብረቶቹ ራሳቸው ናቸው። በአጠገቡ በየቀኑ የሚውል ሰው የቦይለሩን መድከም እንደማያየው ተረድተው ነበር። ዛሬ የጀርመንን መኪኖች ከሚመረምሩት ድርጅቶች ዋናው፣ ቲዩቭ የሚባለው፣ የተወለደው ከዚያ ዓይነት ማኅበራት ነው፤ በዚያ አገር አዲስ የቤት መኪና ከ3 ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ወዲያም በየ2 ዓመቱ ለምርመራ ይቀርባል።

እንግሊዞች በበኩላቸው በ1960 እ.ኤ.አ. የጀመሩት 10 ዓመት ከሞላቸው መኪኖች ነው። ፍሬን፣ መሪና መብራት ብቻ ይታይ ተባለ። ከቀረቡት መኪኖች የወደቁት ብዙ ሆነው ስለ ተገኙ በሚቀጥለው ዓመት ግዴታው 7 ዓመት ለሞላቸው ወረደ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ 3 ዓመት ለሞላቸው ሆነ። እኛ አገር ከሚመላለሱት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ሰው ሲነዳቸው ኖረው ወደ እኛ የመጡ መሆናቸውን ለሚያስብ ሰው፣ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር በዛ የሚያሰኝ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «መኪናዬን እኔ አውቀዋለሁ፤ ፍሬኑም ደኅና ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። ውሸት እየተናገረ አይደለም፤ ለእርሱ ደኅና ነው። እናት በየዕለቱ የምታየው ልጅ ማደጉ አይታወቃትም፤ ከገጠር የመጣች አክስት ግን በሩን እንደ ከፈተች «እንዴት አድጓል!» ትላለች። የፍሬን ሸራ እንዲሁ በቀን በቀን የሚያልቀው በማይታወቅ መጠን ነው። ነጂው ከዓመት በፊት በቀላሉ ይረግጠው የነበረውን ፍሬን ዛሬ ጠንክሮ ይረግጠዋል፤ እግሩም ይህን ይለምደዋል። ከግራና ከቀኝ ፍሬን አንዱ የደከመ እንደ ሆነ መኪናው በሚቆምበት ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ነጂውም ሳያስበው መሪውን ወደ ሌላው ወገን ይዞ ማቆምን ይለምዳል። ቁጥር ለሚወድ አንባቢ ይህን እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ጥሩ ፍሬን ካለው፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ከተያዘበት ጊዜ አንሥቶ በ14 ሜትር ገደማ ይቆማል። የፍሬኑ ኀይል በግማሽ የቀነሰ እንደ ሆነ 28 ሜትር ይፈልጋል። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን ጥሩው መኪና በቆመበት በዚያው ስፍራ ላይ የደካማው መኪና ፍጥነት ገና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያ ስፍራ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን መንገድ እያቋረጠ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትንም ከሌላ ምክንያት ሁሉ ይልቅ የሚገድላቸው ይኸው እንደ ሆነ ገልጧል። ይህ ሁሉ ከመኪና ብልሽት የመጣ አይደለም፤ የሚበዛው ከነጂው ጠባይና ከመንገዱ ነው። ነገር ግን የነጂን ጠባይ ማቅናት ዘመን ይፈጃል፤ የፍሬን ሸራ መለወጥ የሚፈጀው ግን ግማሽ ቀን ነው።

በምርመራው ስፍራ የሚደረገው ነገር ለማያውቀው ሰው ምሥጢር ይመስለዋል እንጂ ቀላል ነው። የመኪናው ጎማዎች በሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ጥቅልሎች መካከል ይገባሉ፤ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ መሣሪያው የግራውንና የቀኙን ኀይል ለየብቻ ይለካል። ከላይ የተናገርነው፣ እግርና እጅ የለመዱት ስሕተት በዚህ ጊዜ በቁጥር ይገለጣል። ከሥር ደግሞ መርማሪው የመሪውን መገጣጠሚያ፣ የባሌስትራውንና የሞላውን ሁኔታ፣ የዘይትም መፍሰስ ይመለከታል። የፊት መብራት ከፍ ብሎ የሚመጣውን ሰው የሚያሳውር እንዳይሆን ይለካል። ጭሱም ይታያል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በደንብ እንዳልተቃጠለ፣ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ መሆኑን ይነግራል።

ብልህ የቤት አባት ወደ ምርመራው ከመሄዱ ከሁለት ሳምንት በፊት መኪናውን በደጁ ላይ ራሱ ይመለከታል። ፍሬን ሲያዝ የኋላ መብራት መብራቱን አንዱ ልጅ ከኋላ ቆሞ ይንገረው፤ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። የፍሬኑን ዘይት ይጠይቅ። ይህ ዘይት ከአየር ውሃ የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ባይጎድልም እንኳ እያረጀ ይሄዳል፤ ውሃ የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ እግርም ባዶ ነገር እንደ ረገጠ ሆኖ እስከ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ያህል መለወጥ ይገባዋል። ጎማውንም ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውን ይመልከት። በጎማው ጎን ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ቢገኝ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ፣ ነገር ግን ከፀሐይና ከዕድሜ ብዛት ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ሲሸጥ አዲስ ነው ሊባል ይችላል፤ ቁጥሩ ግን አይዋሽም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ቤተ ሰቦች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ መካከል «ዘይት የለው፣ ጭስ የለው፣ ምን ይመረመርለታል?» የሚሉ ተሰምተዋል። ይህ ትክክል አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ከባትሪው የተነሣ ከባድ ነው፤ ጎማውንም ቶሎ ይጨርሳል። ሲቀዘቅዝ ብዙውን ሥራ ሞተሩ ስለሚሠራለት ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ፍሬን ደግሞ ይዝጋል፤ በቸኰለ ጊዜም ላይታዘዝ ይችላል።

ስለ አንድ አሳፋሪ ልማድም ሳንናገር አናልፍም። ለምርመራው ቀን ብቻ ከጎረቤት ወይም ከጎማ ሠሪ ደኅና ጎማ ተውሶ መግጠም፣ ቦሎው በተለጠፈ ማግስት ያንን መልሶ ያለቀውን መግጠም በብዙ ስፍራ የታወቀ ነው። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወረቀቱ ብቻ በደላላ እጅ ሄዶ እንዲመለስ የሚሻም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ብልህ ነው ብለው የሚያመሰግኑት ወዳጆች አይጠፉም። እኛ ግን ማንን እንዳታለለ ልንጠይቀው እንወዳለን። መርማሪው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በዚያ ጎማ ላይ የሚሄዱት የሰውየው ሚስትና ልጆች ናቸው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ላይ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ከዚህ ኀላፊነት እንደማይድን ደንግጓል። «እኔ አልነበርሁበትም፤ የነዳው የወንድሜ ልጅ ነው» የሚለው መልስ እንግዲህ አይበቃም። የመድን ውሎችም በልማድ መኪናው ለመንገድ ብቁ ሆኖ እንዲጠበቅ ግዴታ ያስገባሉ፤ ቦሎው ያለፈበት መኪና አደጋ ሲያደርስ ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል።

መኪና የሌላችሁ አንባብያን ይህ ነገር አይመለከተንም ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ እንለምናለን፤ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው እናንተን ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ፣ ለመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን አውቶቡስ የሚኮናተሩ ማኅበራትና እድሮች በዋጋው ላይ ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ቦሎውን ለማየት ግን አንድ ደቂቃ አይሰጡም። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ግሸን የሚሄድ አውቶቡስ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ያንን ቁልቁለት ያየ ሰው ስለ ፍሬን ዘይት የተናገርነውን ያስታውሰዋል። የማኅበሩ ሙሴ ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት በመስተዋቱ ላይ ያለውን ቀን ያንብብ፤ በአራቱም ጎማዎች ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዙር። ይህን በማድረጉ የሚቀየም የመኪና ባለቤት ቢኖር፣ እርሱን መተው ነው።

የተማሪ ሰርቪስም እንደዚሁ ነው። አንዲት እናት ሾፌሩን እንዲህ ብላ ብትጠይቀው ነውር የለበትም፤ «ወንድም ዓለም፣ ልጆቻችንን ስለምትጠብቅልን እግዚአብሔር ይስጥልን። የዘንድሮው ቦሎ ተለጥፎአል ወይ? ጎማውስ መቼ ተለወጠ?» ምናልባት የሚመልስላት «እትዬ፣ ለጌታው ሁለት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ፤ ብጨቀጭቃቸው ሥራዬን እንዳላጣ እፈራለሁ» ብሎ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በሾፌሩ ላይ መቈጣት ፍርድ ማጓደል ነው። እርሱ የማያዝዝበትን ገንዘብ እንዲያወጣ አይጠየቅም። በዚያ መኪና ልጆቻቸውን የሚልኩ ወላጆች በአንድነት ሆነው ለባለቤቱ ቢነግሩት፣ ካልሰማም የወሩን ክፍያ ምርመራው እስኪፈጸም ድረስ ቢያቆዩበት፣ ሾፌሩም ከፍርሃቱ ይድናል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ሳምንት ስለሚጠብቅ በዚያ ሳምንት ሰልፉ ረጅም ይሆናል፤ ደላላው የሚጠቀመውም በዚያን ጊዜ ነው። መኪና የወደቀ እንደ ሆነ ለማሠራትና እንደ ገና ለመቅረብ ቀን ያስፈልጋል፤ መለዋወጫውም በገበያ ላይ ወዲያው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ወር ተኩል በፊት መጀመር ይሻላል። ሊብሬው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ የትራፊክ ቅጣት ቢኖር የተከፈለበት ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ውስጥ ይቀመጡ፤ ተጨማሪ የሚጠየቅ ነገር እንደየከተማው ሊለይ ስለሚችል ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ጾሙና በዓሉ በተጻፈበት በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቦሎው የሚያልፍበት ቀን በቀይ ቀለም ይከበብ፤ ከእርሱም ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ተቈጥሮ ሌላ ምልክት ይደረግ። ይህን ምልክት እመቤቲቱ ብትይዘው ይሻላል፤ ባልየው መኪናው የማያረጅ ይመስለዋልና።