የ35 ሰዓቱ ሥልጠና እና የፍሬን ሙቀት

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከባድ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ በሙያ የሚነዳ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ስለያዘ ብቻ ትምህርቱን ጨርሷል አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ፣ ከጥቂት የሥራ ዓይነቶች በስተቀር፣ የሙያ አሽከርካሪ ሁሉ በየአምስት ዓመቱ 35 ሰዓት እንዲሠለጥን ያስገድዳል። ግዴታው ለአውቶቡስ ነጂዎች ከ2008፣ ለጭነት መኪና ነጂዎች ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መመሪያው በ2022 በአዲስ መልክ ተጠቃሎ ቢወጣም የሰዓቱ ቁጥር አልተለወጠም።

ነባር ሹፌሮች ይህን ግዴታ ሲሰሙ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሃያ ዓመት በመሪ ላይ የቆየን ሰው ማን ምን ያስተምረዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ከትዕቢት የመነጨ ነው ብለን አናልፈውም። ይሁን እንጂ ልምድ የሚያስተምረው ደጋግሞ የተከሰተውን ነገር ነው። የፍሬን መክዳት ግን በአንድ ሰው የሥራ ዘመን አንድ ጊዜ ሊደርስ የሚችል፣ ከደረሰም በኋላ ለመማር ጊዜ የማይሰጥ ነገር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ ባለተሳቢ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ፣ ክብደቱን በስበትና በከፍታው ስናባዛ፣ 392 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። ይህ ከ1,000 ሊትር የሚበልጥ ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 100 ለማድረስ ይበቃል። ያው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲበር ተይዞ ቢቆም ፍሬኑ የሚውጠው 10 ሚሊዮን ጁል ያህል ብቻ ነው። ቁልቁለቱ እንግዲህ አርባ ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ከዚህ ጉልበት ከፊሉን አየሩና ጎማው ይካፈሉታል፤ የቀረውን ግን ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ መሸከም አለበት፣ ወይ የፍሬን ሸራው ይሸከመዋል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ሹፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይታዘዝም። በእኛ አገር አነጋገር «ፍሬን ተበጠሰ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር ላይኖር ይችላል።

ይህን አንድ ጊዜ ተምሮ መርሳት ቀላል ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ያጠናነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ በየጊዜው ተከፋፍሎ ሲደገም ግን እንደሚጸና አሳይቷል። የአውሮፓው ሕግ ደካማ ጎን የሚታየንም በዚህ በኩል ነው። ሥልጠናው ቢያንስ በሰባት ሰባት ሰዓት እንዲከፈል ያዝዛል፤ ነገር ግን አራት ዓመት ተኩል ዝም ብሎ ቆይቶ ሁሉንም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መጨረስን አይከለክልም። በመጨረሻም ፈተና አያስገድድም። ወንበር ላይ 35 ሰዓት የተቀመጠና 35 ሰዓት የተማረ ሰው በምስክር ወረቀቱ ላይ አይለያዩም። ሹፌሮቹ «ጊዜያችንን ትበላላችሁ» ቢሉ በዚህ ነጥብ ላይ አንፈርድባቸውም።

የሆነ ሆኖ ተደጋጋሚ ሥልጠና ግዴታ ይሁን ከሚሉት ወገን ነን። መኪናው ራሱ እየተለወጠ ነው፤ በአውሮፓ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የፍጥነት ወሰን የሚያስታውስ መሣሪያ ሊኖረው ግድ ሆኗል። ለአገራችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የወጪና ገቢ ዕቃችን አብዛኛው የሚመላለሰው በጅቡቲ መስመር ሲሆን፣ ያም መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ነው።

ይሁንና 35 የሚለውን ቁጥር ብቻ ገልብጠን እንዳንወስድ እንሠጋለን። በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ከአዳራሽ ይልቅ ቁልቁለት ላይ፣ በተጫነ መኪና ቢሰጥ ይሻላል፤ የቀኑን አበል የሚከፍለውም ሹፌሩ ሳይሆን የመኪናው ባለቤት ቢሆን። የፊዚክስ ተማሪዎችም የሚያግዙበት ነገር አለ። ሳይነኩ ሙቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይዘው ከቁልቁለቱ ግርጌ ቆመው፣ በከባድ ማርሽ የወረደውንና ፍሬን እየረገጠ የወረደውን መኪና ታምቡር ለክተው፣ ሁለቱን ቁጥሮች ለሹፌሮቹ በዚያው ቢያሳዩአቸው።