ስለ ስልክ ሞገድና ስለ ጎረቤት መብት

ለብቻ ይዘውት የማይረባ ሀብት ቢኖር ስልክ ነው። በሬና ማረሻ ያለው ሰው ጎረቤቱ ባይኖረውም እርሻውን ያርሳል፤ ስልክ የያዘ ሰው ግን ሌላው ካልያዘ በእጁ ያለው ዕቃ ከጌጥ አያልፍም። ይህ ጥበብ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1887 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ፤ ተንቀሳቃሹም ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በሰበታ የፋብሪካውን ሠራተኛ፣ በቡራዩ ነጋዴውን፣ በሱሉልታ ወተት አመላላሹን ከወዳጅ ዘመዱ ያገናኛል። ስለዚህ የአንዱ ጠባይ በሌላው ጆሮ ላይ ምን እንደሚያደርስ መመርመር ይገባል።

ብዙ ሰው የስልክ ማማ እንደ ምንጭ ውሃ ለመጣ ሁሉ እንዲሁ የሚፈስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከማኅሌት ጋር ይቀራረባል። በማኅሌት የቆመ ሊቅ ድምፁ ያማረ ቢሆንም፣ ከመሪው በላይ ቢጮህ የባልንጀሮቹን ዜማ ያጠፋል እንጂ ምስጋናውን አያበዛም። ማማውም እንደ መሪጌታ ሆኖ የቀረበውን ስልክ «ድምፅህን ዝቅ አድርግ»፣ የራቀውን «ከፍ አድርግ» እያለ ያዝዛል፤ ሦስተኛው ትውልድ በሚባለው አሠራር ይህን ትእዛዝ በአንድ ሴኮንድ 1,500 ጊዜ ይሰጣል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ሞገድ ሊነጋገር የቻለው ስልኮቹ ስለሚታዘዙ ነው።

ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው ሰው ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሰበታም ከወጨጫ ግርጌ ስለሆኑ ከሩቅ የሚነሣው ሞገድ ተራራውን ዘልቆ አይደርስባቸውም፤ የመጋዘኑም ቆርቆሮ ሞገድን ይመልሳል። አንድ የቡራዩ ነጋዴ በመጋዘኑ ውስጥ ስልኩ አልሰማ ቢለው፣ ያልተፈቀደ የሞገድ ማጉሊያ ገዝቶ በጣራው ላይ ሰቀለ እንበል። እርሱ እንደ ልቡ ይነጋገራል፤ መሣሪያው ግን የማማውን ትእዛዝ ስለማይሰማ ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ ማማውም ከዳር የሚመጣውን ደካማ ድምፅ መለየት ይሳነዋል። በመንደሩ ጫፍ ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ስትጠራ መስመሩ ይቋረጥባታል። ነጋዴው የበደላትን ሴት ፊቷን አያይም፤ እርስዋም በዳይዋን ሳታውቅ የስልኩን ድርጅት ትረግማለች። ከበደልም ሁሉ ይልቅ ለማረም የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ነው።

ደግሞ ሁሉ ሞገዱን ይወዳል፤ ማማውን ግን «ከግቢዬ አርቁልኝ» ይላል። ማማው በራቀ መጠን በጆሮው የለጠፈው ስልክ ይሰማ ዘንድ ኃይሉን እንደሚጨምር፣ ባትሪውም ቶሎ እንደሚያልቅ ቢያውቅ ይህን ባላለ ነበር።

ስለ መስመር ቆራጭ ሌባ ብዙ አንልም፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 464 የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረብን ሆን ብሎ የሚጎዳውን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣዋል። (መዳብ ፈልጎ የመስተዋት ክር የሚቆርጥ ሌባማ ትርፉ እሥራቱ ብቻ ነው።) የሚያሳስበን ሌባ ሳይሆን፣ ፈቃድና ማኅተም ይዞ የሚቆፍረው ነው። የመንገዱ መሥሪያ ቤት የስልኩን ሳይጠይቅ፣ የውሃውም የመንገዱን ሳያማክር ሲቆፍር፣ የመንግሥትን ገንዘብ በመንግሥት ገንዘብ ማፍረስ ይሆናል። የጎጃም መንገድ በሱሉልታ፣ የወለጋው በቡራዩ፣ የጅማው በሰበታ ያልፋልና፣ በእነዚህ መንገዶች ዳር የተቀበረ መስመር ቢቆረጥ ጉዳቱ ከከተማው ርቆ ይሄዳል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። እንግዲህ «የእኔ ወሰን አይደለም» የሚል ምክንያት ቀርቷልና፣ የተቀበረው መስመር ካርታ ሳይታይ የቁፋሮ ፈቃድ ባይሰጥ መልካም ነው። ሳፋሪኮም በዚያው ዓመት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ድርጅቶቹ ሁለት ሆነዋል፤ አንድ ማማ በሚበቃበት ስፍራ ሁለት እንዳይተከል መሣሪያቸውን በአንዱ ላይ ቢሰቅሉ መሬትም ገንዘብም ይተርፋል። ካህናትም የማጉሊያውን ጉዳት ለሕዝብ ቢያስረዱ ቃላቸው ከማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። ነገር ግን ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አቤቱታው ለወራት መልስ ያጣ ሰው ማጉሊያ ቢገዛ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ድርጅቶቹ ለመጋዘኖቹ ሰፈር ትንንሽ ማሠራጫ ቢተክሉ፣ ያን ጊዜ ማጉሊያውን ከጣራው አውርድ ብሎ ማዘዝ የሚገባ ይሆናል።