አጥር ወሰን አይደለም፦ በዳላስና ፎርት ወርዝ ቤት ገዢው ሳይቀየስ እንዳይፈርም

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ካርታ አለው ወይ?» የሚል ነው። በልማዳችን ካርታ የባለቤትነት ማረጋገጫም፣ የይዞታው ስፋትና ቅርጽ የተሣለበት ወረቀትም ነው፤ ሁለቱን ነጣጥለን አናያቸውም። በአማራ ክልል ገጠር በመጀመሪያው ዙር የተሰጠው የይዞታ ደብተር እንኳ፣ ካርታ ባይኖረውም አዋሳኞቹን በየአቅጣጫው በስም ይመዘግባል። ይህን ልማድ ይዞ ጋርላንድ ወይም ፕሌኖ ውስጥ ቤት የሚገዛ ኢትዮጵያዊ፣ በክሎዚንግ ዕለት የሚፈርምባቸው ወረቀቶች ወሰኑን ያሳዩኛል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እምነቱ ትክክል አይደለም።

በከተማ ሰፈሮች የቴክሳስ የባለቤትነት ሰነድ ቤቱን የሚለየው በአብዛኛው በሎት፣ በብሎክና በካውንቲው በተመዘገበው የሰፈር ፕላን ነው። ፕላኑ መሬቱ ሲሸነሸን የታሰበውን ልኬት እንጂ ዛሬ የቆመውን ቤት፣ አጥርና የመኪና መግቢያ አያሳይም። የግብር ገማች መሥሪያ ቤቶች በድረ ገጽ የሚያሳዩት ካርታም ለግብር እንጂ ለወሰን ማረጋገጫ የተዘጋጀ አይደለም። ጥያቄውን የሚመልሰው ከስቴቱ የመሐንዲሶችና የቀያሾች ቦርድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያካሄደው የመሬት ቅየሳ፣ ማለትም ሰርቬይ ብቻ ነው።

ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች

የቴክሳስ ሪል እስቴት ኮሚሽን ያወጣው የመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውል በአንቀጽ 6 ሦስት አማራጮችን ያቀርባል። ሻጩ በእጁ ያለውን የቀድሞ ሰርቬይ፣ ከዚያ ወዲህ በግቢው ላይ የተለወጠ ነገር መኖር አለመኖሩን ከሚገልጽ ማረጋገጫ ጋር ያቀርባል፤ ወይም ገዢው በራሱ ወጪ አዲስ ያስቀይሳል፤ ወይም ሻጩ በራሱ ወጪ ያስቀይሳል። በመጀመሪያው አማራጭ ሻጩ ሰነዶቹን በጊዜው ካላቀረበ፣ አዲሱ ቅየሳ የሚካሄደው በሻጩ ወጪ ነው። ብዙ ገዢዎች ይህን መብታቸውን ሳያውቁ ያልፉታል።

በዚያው አንቀጽ ውስጥ ያለው ሌላው ሳጥን ደግሞ ከዚህ ያላነሰ ክብደት አለው። በተለምዶ «ታይትል» የምንለው የባለቤትነት መድን የወሰን ግጭትን፣ ወደ ጎረቤት መሬት ገብቶ የተሠራ ግንባታንና የስፋት ጉድለትን ከሽፋኑ ያስወጣል። ገዢው ወይም ሻጩ ተጨማሪ ክፍያ ከፈጸመና መድን ሰጪው የሚቀበለው ሰርቬይ ካለ፣ ይህ ገደብ «የስፋት ጉድለት» ወደሚል ብቻ ይጠባል። ለመኖሪያ ቤት ክፍያው የመሠረታዊው አረቦን 5 በመቶ ነው፤ ለመካከለኛ ቤት ወደ 100 ዶላር ገደማ ይሆናል። አበዳሪው ባንክ ብዙውን ጊዜ ለራሱ ፖሊሲ ይህን ማሻሻያ ይጠይቃል። ገዢው ግን ሳጥኑ ሳይመረጥለት፣ ምን እንደቀረበትም ሳይነገረው ይፈርማል። ባንኩ የተጠበቀበት አደጋ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይቀራል።

ቤቱ በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ችግሩ ይብሳል። ከዕቁብና ከዘመድ በተሰበሰበ ገንዘብ የሚገዛ ቤተሰብ ሰርቬይ እንዲያቀርብ የሚያስገድደው አበዳሪ የለም።

ያልተቀየሰ ግቢ የሚያስከፍለው

አንድ ቤተሰብ በ1970ዎቹ በተሠራ ሰፈር ቤት ገዛ እንበል። ከዓመታት በኋላ ጎረቤቱ ሊሸጥ ሲያስቀይስ፣ የቤተሰቡ አጥርና የዕቃ ማስቀመጫ ሁለት ጫማ ወደ ጎረቤት መሬት ገብተው ተገኙ። «አጥሩ ከ10 ዓመት በላይ ቆሟል» የሚለው ክርክር ብቻውን አያድንም። የቴክሳስ ሕግ በረጅም ጊዜ ይዞታ መሬት የሚገኝበትን መንገድ ቢፈቅድም፣ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 በሮድስ እና ኬሂል ጉዳይ እንዳጸናው፣ ለምን ዓላማ እንደታጠረ ያልታወቀ ነባር አጥር ይዞታን ለማስረዳት አይበቃም። ቤተሰቡ ግንባታውን ያፈርሳል፣ መሬቱን ይገዛል ወይም ይሟገታል። ከሦስቱ የትኛውም ከቅየሳው ዋጋ በላይ ሊያስወጣው ይችላል።

«ወጪ መጨመር ነው» ለሚሉ

ተቃውሞው መሠረት የለሽ አይደለም። ቅየሳ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላሮችን ያስወጣል፤ ክሎዚንግንም ሊያዘገይ ይችላል። የቅርብ ጊዜ ሰርቬይ ባለበትና በግቢው ላይ ምንም ባልተለወጠበት ቤት አዲስ ቅየሳ ማስገደድ አላስፈላጊ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው እያንዳንዱ ቤት እንደ አዲስ እንዲቀየስ አይደለም። የምንጠይቀው ገዢው ሰርቬይ ሳያይና ምን እንደተወ ሳያውቅ እንዳይፈርም ነው። በውሉ መሠረት በሰርቬዩ ላይ የታየን ጉድለት በጊዜው በጽሑፍ ያልተቃወመ ገዢ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል። ያላየውን ሰነድ ግን ሊቃወም አይችልም።

ምክረ ሐሳቦች

1. የውል ቅጾችን የሚያረቅቀውና 13 አባላት ያሉት የደላሎችና የጠበቆች ኮሚቴ፣ የመድን ሽፋኑ ማሻሻያ መነሻ ምርጫ እንዲሆን ያድርግ፤ የማይፈልግ ገዢ በፊርማው ይተወው።

2. ሰርቬይ ሳይኖር በሚፈጸም የጥሬ ገንዘብ ግዢ፣ ገዢው አደጋውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ማሳሰቢያ በተናጠል እንዲፈርም የውል ቅጹ ያስገድድ።

3. ሪል እስቴት ኮሚሽኑና የቴክሳስ መድን መምሪያ ይህን ማሳሰቢያ አማርኛን ጨምሮ በሰሜን ቴክሳስ ገዢዎች ቋንቋዎች ያቅርቡ።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው በቅጽ ማሻሻያ፣ ሦስተኛው በአስተዳደር ውሳኔ ሊፈጸሙ ይችላሉ፤ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ተቋማቱ ካልተንቀሳቀሱ ግን የምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤ በጥር 2027 ይከፈታል። የዳላስ፣ የታራንት፣ የኮሊንና የዴንተን ካውንቲ ተወካዮች ጽሕፈት ቤቶች ረቂቁን ከወዲሁ ማዘጋጀት ይገባቸዋል። እስከዚያው በየማኅበረሰባችን ቤት ሊገዛ የተነሣን ሰው የምንጠይቀው የቀድሞውን ጥያቄ ነው፤ ትርጉሙ ግን ይስፋ፦ ካርታውን አየኸው ወይ?