ግለ ታሪክ የጀርባ ሙዚቃ አይፈልግም

መጽሐፍ ማዳመጥ ማንበብ ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ክርክር ጊዜ ላላቸው ሰዎች ይቆይ። በእኛ ምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ ላይ የቡና ጀንፈል ሲሰጣ፣ ሲገላበጥና ሲለቀም እጅም ዓይንም ሥራ ላይ ናቸው፤ ነፃ የሚውለው ጆሮ ብቻ ነው። ከጭሮ ተነስቶ በበደሳና በገለምሶ በኩል ወደ እኛ የሚመጣ መንገደኛም በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መጽሐፍ ገልጦ አያነብም። ያዳምጣል። አንድ ቀን ሹፌሩ ትረካውን አቋርጦ ዘፈን ሲከፍት፣ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ልጄ፣ እሱን ተወውና የቅድሙን መልስልን፣ ሰውዬው ምን እንደደረሰ እንስማ» ሲሉት ሰምቻለሁ። መኪናው ሙሉ ሰው ደገፋቸው።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የትኛው መጽሐፍ በምን ዓይነት ድምፅ ይነበብ? ዛሬ በቴሌግራምና በዩቲዩብ የሚለቀቁ፣ በየሱቁ በፍላሽና በሚሞሪ የሚሞሉ ትረካዎችን ሳዳምጥ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ተረቱም፣ የጠፈሩ ታሪክም፣ የሰው የገዛ ሕይወትም በአንድ ዓይነት የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት የዋሽንት ወይም የፒያኖ ሙዚቃ ታጅበው ይቀርባሉ። ሦስቱ ግን ከጆሮ የሚጠብቁት እምነት የተለያየ ነው።

ጥሩ ተራኪ ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልገንም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች መካከል ግን ብዙዎቹ ጉዱ ካሳንና ፊታውራሪ መሸሻን የሚያውቋቸው ከገጽ ላይ አይደለም፤ በሬዲዮ ከወጋየሁ ንጋቱ አፍ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ የደራሲው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ደግሞ ራሱን ወደ ኋላ ይስባል። በ2010 ዓ.ም. ያጣነው ፍቃዱ ተክለማርያምም እንዲሁ ነበር፤ ቃሉን አይገፋውም፣ ያሳልፈዋል። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ችሎታ የት ዝም እንደሚባል ማወቃቸው ይመስለኛል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ዝምታን ስለሚፈሩ በሙዚቃ ይሞሉታል።

ተረትና ሌላው ምናባዊ ታሪክ ከሦስቱ ለድምፅ በጣም ቅርቡ ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ጆሮ ያደገው በኦሮምኛ የማታ ተረትና በመንዙማ ነው። እንስሳ ሲናገር፣ ተራራ ሲሰማ፣ ጅብ ሰው ሲሆን መስማት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዋቤ ሸበሌ ማዶ ባሌ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ ቴሌቪዥን ላይ ተረት ሲያወሩ ከፊታቸው ከልጆች በቀር የረባ ጌጥ አልነበረም፤ አንበሳውንም ጥንቸሉንም ይሠሩት የነበረው በጉሮሯቸውና በፊታቸው ነው። ለዚህ ዘርፍ እኔ የምወደው ብዙ ድምፅ ያለው ተራኪ ነው። ማጋነንም ይፈቀድለታል፤ ምክንያቱም ተረት የሚሰማ ሰው «ይህ እውነት ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ «ከዚያስ?» ነው የሚለው። ተዋናዩ አንዲ ሰርኪስ የቶልኪንን ምናባዊ መጻሕፍት በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. በድምፅ ሲተርክ ጎለም የተባለውን ገጸ ባሕርይ በመጻሕፍቱ ፊልም እንደተጫወተው አድርጎ አመጣው፤ ማንም በዛብን አላለም ብል ማጋነን ይሆናል፣ እኔ ግን አልበዛብኝም።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ተራኪው መደነቅ የለበትም። በጥቅምት 1938 እ.ኤ.አ. ኦርሰን ዌልስ የኤች. ጂ. ዌልስን የማርስ ወረራ ታሪክ በአሜሪካ ሬዲዮ ሲያቀርብ አንዳንድ አድማጮች እውነት መስሏቸው የተደናገጡት ስለጮኸ አይደለም። ታሪኩን እንደ ዜና ስላነበበው ነው። የማይታመን ነገር በረጋ ድምፅ ሲነገር ይታመናል። በቅርቡም የአንዲ ዊርን የ2021 እ.ኤ.አ. የጠፈር ልብ ወለድ ሬይ ፖርተር ሲተርክ፣ ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር የሚናገረው በሙዚቃ ድምፅ ስለሆነ ቅጂው ውስጥ እውነተኛ ኖታ ይሰማል። ያ ሙዚቃ ጌጥ አይደለም፣ የገጸ ባሕርዩ ቋንቋ ነው። ሙዚቃ በትረካ ውስጥ ቦታ የሚኖረው እንደዚህ ታሪኩ ራሱ ሲጠራው ነው።

እኛም ጋ ለዚህ ዘርፍ ጆሮ አለ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማትና የጠፈር ሳይንስን አንድ ላይ አምጥቶ ስንቱን ወጣት እንቅልፍ ነሳ፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ተራኪ በየዓረፍተ ነገሩ «ጉድ በሉ» እያለ ሲያነበው ግን ሳይንሱ ይረግፍና ጉዱ ብቻ ይቀራል። መሐንዲሱ እንደ መሐንዲስ፣ ቁጥሩም እንደ ቁጥር ይነበብ።

እግረ መንገዴን ለደራሲዎች አንድ ነገር ልበል። ጁል ቬርን በ1864 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ወደ ምድር ሆድ ለማስገባት አይስላንድ ድረስ ወስዷቸዋል። እኛ ግን ከእርሻችን ሥር የአቸሬና የአይናጌ ዋሻዎች አሉን። የሥነ ምድር ተመራማሪው አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው ከመቻራ ዋሻዎች ውስጥ፣ ከጣሪያ በሚንጠባጠብ ውሃ ከወለል ወደ ላይ የበቀሉ የድንጋይ ምሰሶዎችን አጥንተዋል። ምሰሶዎቹ ንብር በንብር የተሠሩ ናቸው፤ በንብሮቹ ውስጥ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ዝናቡ እንዴት ሲጨምርና ሲቀንስ እንደኖረ ይነበባል። ድንጋይ የዝናብ ታሪክ ጽፎ የሚጠብቅበት ወረዳ ላይ ተቀምጦ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሐሳብ ለመዋስ ሩቅ መሄድ የለበትም። ለድምፅም የተመቸ ነው፦ ጨለማ፣ ጠብታ፣ የሰው እርምጃ።

ከሁሉም የምሳሳለት ግለ ታሪክ ነው። የገዛ ሕይወቱን የሚያወራ ሰው አድማጩን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እመነኝ። በዚያ ላይ የተራኪ ለቅሶ ሲጨመር እምነቱ ይሸረሸራል። የደቡብ አፍሪካው ትሬቨር ኖዋ የልጅነት ታሪኩን ራሱ ሲያነብ ከእንግሊዝኛ ወደ ዙሉና ወደ ቆሳ ቋንቋ ይሻገራል። ያን መጽሐፍ በወረቀት ያነበበ ሰው ቋንቋ ሕይወቱን እንዴት እንዳተረፈለት ይረዳል፤ ያዳመጠው ግን እዚያው ቆሞ ይሰማዋል። የጅጅጋው ልጅ ነጋ መዝለቂያ በእንግሊዝኛ የጻፉትና በ2000 እ.ኤ.አ. በካናዳ ትልቅ ሽልማት ያገኘው የልጅነት ትውስታም ተረትንና የሕይወት ታሪክን ያጋባ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ድምፅ የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ በውስጡ ላለው የጅብ ተረት ሰፊ፣ ለጦርነቱ ትውስታ ግን ጠባብና ደረቅ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሐሳቤ ወደ አንድ ሰው ይሄዳል። ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የእኛው የጨርጨር አውራጃ ገዥ የነበሩ፣ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የአውራጃው መቀመጫ አድርገው ያቀኑ ሰው ናቸው። የአማርኛን ቴአትር የጀመረው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የእሳቸው ነው፤ እንስሳትን አናግረው ሹማምንትን የነኩበት ሥራ። በሌላ በኩል ደግሞ ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመውን የሕይወታቸውን ታሪክ ትተውልናል። ልጅ ሆነው ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዓድዋ መዝመታቸው፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው መድፈኛነት መማራቸው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸው፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ጄኔቫ ላይ ለአገራቸው መከራከራቸው፣ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ምናብንም እውነትንም ጽፈው ያለፉ ሰው በእኛው ምድር ኖረው ሳለ፣ የጭሮ ወጣት ግን ሥራቸውን አይደለም ስማቸውንም በጆሮው አያገኘውም።

ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሩ ድምፅ ማዳመጥ እመኛለሁ። ተራኪው በዕድሜ የበሰለ ቢሆን እመርጣለሁ። የድሮውን አማርኛ ዘመናዊ ላድርገው ብሎ እንዳይነካካው፣ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር እንዳይቆራርጠው። የጨርጨርን የቦታ ስሞች የአካባቢው ሰው እንደሚጠራቸው ይጥራቸው፤ የኦሮምኛው ድምፅ ሲሳሳት እዚህ የሚያዳምጥ ሰው ወዲያው ይሰማዋል፣ ሲሰማው ደግሞ መጽሐፉ ስለ እሱ መሆኑን ያቆማል።

አንድ ከባድ ነገር ይቀረኛል። በየፍላሹ የሚገለበጠው ትረካ አብዛኛው ያለፈቃድ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መጽሐፍን በድምፅ ማባዛትም የባለመብቱ መብት መሆኑን ያውቃል፤ የምንገለብጠው እኛ ግን እንዳላወቅን እንሆናለን። ደራሲው ሳንቲም ሳያገኝ፣ ተራኪው ሳይከፈለው ጥሩ ትረካ እንዲበዛልን መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ለሚሞሪ ቤቱ የምንከፍለውን ያህል ለደራሲው ብንከፍል የተሻለ ሥራ እናገኛለን ብዬ አምናለሁ።

እናንተ በሬዲዮም በስልክም ትረካ የምታቀርቡ ወንድሞችና እህቶች፣ የፊታውራሪ ተክለሐዋርያትን ግለ ታሪክ ከባለመብቶቹ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ሳታሳጥሩ፣ ያለ ሙዚቃ አንብቡልን። የከተማ ሰው ባይሰማችሁ እንኳ ከጭሮ እስከ መቻራ የሚሰማችሁ አታጡም፤ ከፍለንም እንሰማለን።