ከፕሮግራሙ ሥር ያለ ጉድለት

በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ሾላ ገበያ ቅቤና በርበሬ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ የንግድ ፈቃዱን በኢንተርኔት ማደስ፣ የሽያጩን ሒሳብም በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ በጀመረው ቴሌብር መቀበል ይችላል። አገልግሎቱ ወደ ዲጂታል ሥርዓት በተሸጋገረ መጠን የነጋዴው መረጃ ደህንነት እርሱ በማያየው፣ ብዙውን ጊዜ መሥሪያ ቤቱም ልብ በማይለው ነገር ላይ ይመሠረታል።

ከነዚህ አንዱ ኢንተርፕሪተር ነው። እንደ ፒ.ኤች.ፒ እና ፓይተን ባሉ ቋንቋዎች የተጻፈን ፕሮግራም እያነበበ የሚያስፈጽመው ይኸው ክፍል ነው። በነዚህ ቋንቋዎች የሚጽፍ ባለሙያ ስለ ማኅደረ ትውስታ አያያዝ እምብዛም አይጨነቅም፤ ኢንተርፕሪተሩ ይጠብቅለታልና። ይሁንና በስፋት የሚሠራባቸው የሁለቱም ኢንተርፕሪተሮች የተጻፉት የድንበር ቁጥጥሩን ለጸሐፊው በሚተወው የሲ ቋንቋ ነው። በሾላ ከመደቡ አልፎ ዕቃ የዘረጋን ሻጭ ጎረቤቱ ዝም አይለውም። በሲ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ግን መረጃ ከተመደበለት ስፍራ ሲያልፍ የሚመልሰው ላይኖር ይችላል።

እ.አ.አ በኦክቶበር 2019 እርማት የተደረገለት የፒ.ኤች.ፒ ጉድለት ለዚህ አብነት ነው። ኢንተርፕሪተሩ ከኤንጂንኤክስ አገልጋይ ጋር በተወሰነ አኳኋን በተዋቀረበት ሁኔታ፣ ሆን ተብሎ የተዛባ ጥያቄ ሲደርሰው ከተመደበው ስፍራ ውጭ ዋጋዋ ዜሮ የሆነች አንዲት ባይት ይጽፍ ነበር። በዚህች ባይት ሰበብ ከሩቅ ያለ ሰው በአገልጋዩ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ ማስፈጸም ችሏል። የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ አያድነውም።

እርማቱ ወዲያው ቢሠራጭም ጥያቄው ማን ጫነው የሚል ነው። የ7.1 ትውልድ ድጋፍ እ.አ.አ በዲሴምበር 2019 ተቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘ ጉድለት ከአዘጋጆቹ እርማት አያገኝም። በሰኔ 2012 ዓ.ም በወቅቱ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም መነሻው ግብፅ የሆነ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ሲያስታውቅ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ከአገር ጉዳይ እንደማይነጠል ግልጽ ሆኗል።

የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ እ.አ.አ በ2022 ድንበር ጠባቂ ወደሆኑ ቋንቋዎች መሸጋገርን መክሯል። ይህ ግን ኢንተርፕሪተሩን ለሚያዘጋጁት እንጂ ለአንድ ቢሮ የሚቀርብ ሥራ አይደለም። በቢሮው እጅ ያለው የግዥ ውሉ ነው። ሥርዓቱ በየትኛው የኢንተርፕሪተር ትውልድ እንደሚሠራ፣ ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃና ከርክክብ በኋላ ማሻሻያውን የሚጭነው የትኛው የሥራ መደብ እንደሆነ በውሉ ሊሰፍር ይገባል። ማሻሻያ ነባሩን ፕሮግራም ያስቆማል የሚለው የባለሙያዎች ስጋት መሠረት አለው፤ ስለሆነም የሙከራ አገልጋይ ከዋናው ጋር አብሮ በጀት ሊያዝለት ያስፈልጋል።